በአሜሪካ ግዛቶች የመንገድ መቀጮ ከቦታ ወደ ቦታ የተለያየበት ምክንያት

የመኪና ነጂ መቀጮ ለታሪክ ጥናት የማይበቃ ተራ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ሰው በዕድሜው ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከስና ሳይከሰስ ሲኖር፥ መኪና ከሚነዳው ሕዝብ መካከል የክስ ወረቀት ሳይቀበል የሚያረጅ እጅግ ጥቂት ነው። ሕግ፥ ፖሊስና ዳኛ የሚባሉት ነገሮች ለብዙው ሕዝብ በዓይን የሚታዩት በመንገድ ዳር ነውና፥ በዚያ ቦታ የሚሠራው ፍርድ የቀና ወይም የተጣመመ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትን ነው። ይህንንም አገር የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ፥ መኪና ከሁሉ ቀድሞ የሕዝብ መጓጓዣ የሆነው በዚያ አገር ስለሆነ ታሪኩ ረጅም ነው፤ የፍርድ ቤት መዝገቡም ለአንባቢ ክፍት ነው። ደግሞም በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ግዛቶች እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ታክሲና የጭነት መኪና እየነዱ ይኖራሉ። ለእነርሱ መንጃ ፈቃድ ማለት እንጀራ ማለት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር ስንጠቅስ ዓ.ም ብለን እናመለክታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም የመኪና አነዳድ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ ሲዛወር፥ አንድ ትእዛዝ ወጣ፤ በዚያው ቀን አገሩ በሙሉ ተዛወረ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ አስቸጋሪ ነው። ሕገ መንግሥታቸው ለማእከላዊው መንግሥት በግልጽ ያልተሰጠውን ሥልጣን ሁሉ ለግዛቶቹ ወይም ለሕዝቡ ይተዋልና፥ የመንገድ ፖሊስና የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ የየግዛቱ ነው። ግዛቱ ደግሞ ከሥልጣኑ ከፍሎ ለካውንቲ፥ ለከተማና ለመንደር ሰጥቷል። ስለዚህ በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ግማሽ ቀን የሚነዳ ሰው የብዙ ሹማምንትን ደጅ እየረገጠ ያልፋል። ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የዚህ አገር በሬ እንግዳውን ሠርዶ መጋጥ የሚወድ ሆኖ እናገኘዋለን።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በ1899 በኒውዮርክ ከተማ ጄኮብ ጀርማን የተባለ የኤሌክትሪክ ታክሲ ነጂ በሰዓት 12 ማይል ሲከንፍ በቢስክሌት የሚሄድ ፖሊስ ደርሶ ያዘው፤ ታሰረም። የከተማው ወሰን 8 ማይል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1901 የኮኔቲከት ግዛት በከተማ 12፥ ከከተማ ውጭ 15 ማይል የሚል ሕግ አወጣ። ይህም ለመላው ግዛት የወጣ የመጀመሪያው የመኪና ፍጥነት ሕግ ነው ይባላል። ልዩነቱ እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ ማለት ነው፤ በአንዱ ግዛት የተፈቀደው በሌላው ያሳስር ነበር። ይሁን እንጂ የወሰኑ ቁጥር መለያየት ከነገሩ ሁሉ ትንሹ ነው። የጥናታችን ዋና ጥያቄ፥ ወሰኑን የሚያስጠብቀው ማን ነው፥ መቀጮውስ ወደ ማን ኪስ ይገባል የሚለው ነው።

በዚያ ዘመን በብዙ ግዛቶች ትንንሽ ክሶችን የሚያየው የመንደር ዳኛ ወይም ከንቲባ ደመወዝ አልነበረውም። የሚከፈለው ጥፋተኛ ብሎ ከፈረደበት ሰው ከሚሰበሰበው ገንዘብ ነበር፤ ነፃ ነህ ብሎ ካሰናበተው ግን ምንም አያገኝም። አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ ይባል ነበር፤ እዚህ ግን ሁለቱም አንድ ሰው ሆኑ። ይህ ሥርዓት በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት የቀረበው በ1927 ነው። ነገሩ የመኪና ክስ አልነበረም፤ በኦሃዮ ግዛት ኖርዝ ኮሌጅ ሂል በምትባል መንደር አንድ ሰው አልኮል ይዞ በመገኘቱ ከንቲባው 100 ዶላር ቀጣው፤ ከዚያም ከንቲባው 12 ዶላር ለራሱ ወሰደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፥ ከፍርዱ በቀጥታ የገንዘብ ጥቅም የሚያገኝ ዳኛ ቀና ፍርድ ሊሰጥ አይችልም ብሎ ቅጣቱን ሻረው። ይህ ፍርድ የተሰጠው በመጠጥ ነገር ቢሆንም የመንገድ ዳኞችን ሁሉ የሚነካ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ገንዘቡ ወደ ከንቲባው ኪስ መግባቱ ቀርቶ ወደ መንደሩ ሣጥን ገባ። በዚያው በኦሃዮ ሞንሮቪል የምትባል መንደር አንድን ነጂ በሁለት የመንገድ ጥፋት እያንዳንዱን 50 ዶላር ቀጣችው፤ የፈረደውም የመንደሩን ሒሳብ የሚጠብቀው ከንቲባ ነበር። በ1960ዎቹ በአንዳንድ ዓመት ከመንደሩ ጠቅላላ ገቢ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ከከንቲባው ችሎት የሚገኝ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972፥ ከንቲባው ለራሱ ሰባራ ሳንቲም ባይወስድም የመንደሩን በጀት የመሙላት ኀላፊነት ስላለበት ገለልተኛ ዳኛ ሊባል አይችልም ብሎ ፈረደ። እኛ ይህን ፍርድ ከ1927ቱ ይልቅ ጠለቅ ያለ ሆኖ አግኝተነዋል። ሌብነት ሳይኖር፥ ሁሉም ሰው ቅን ሳለ፥ የሥርዓቱ አሠራር ብቻውን ፍርድን ሊያጣምም መቻሉን ተመልክቷልና። ሆኖም በኦሃዮ የከንቲባ ችሎት የሚባለው ነገር ዛሬም ቢሆን ፈጽሞ አልቀረም።

መንደሮቹ ይህን ሲያደርጉ ከራሳቸው ሰው ይልቅ አላፊ አግዳሚውን መምረጣቸው አያስደንቅም። ላገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ የሆነ መንገደኛ በከንቲባ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም፤ በቀጠሮው ቀንም 500 ማይል ተመልሶ አይከራከርም። የዚህ ዓይነት መንደር በጣም ስሟ የታወቀው በጆርጂያ ግዛት ያለችው ሉዶዊሲ ናት። ከሰሜን ግዛቶች ወደ ፍሎሪዳ ለዕረፍት የሚወርደው ሕዝብ ቁጥር 301 በሚባለው ጎዳና በመካከሏ ያልፍ ነበር። መብራቱ ሳይታሰብ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይለወጣል፥ ፖሊሱም አድፍጦ ይጠብቃል የሚል ስሞታ ለብዙ ዓመት ሲሰማ ቆየ። በመጨረሻ የጆርጂያ ገዢ ሌስተር ማዶክስ በ1970 በመንደሯ ዳርቻ መንገደኛውን ተጠንቀቅ የሚሉ ትልልቅ ሰሌዳዎች አስተከለ፤ ሰሌዳዎቹም እንዳይነቀሉ ጠባቂ አቆመላቸው። የአንድ ግዛት ገዢ ከገዛ ግዛቱ መንደር ሕዝብን ለማስጠንቀቅ ዘበኛ ማቆሙ ለእኛ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ለመሆኑ ሰሌዳ ከመትከል ይልቅ ፖሊሶቹን ማስቆም አይቀለውም ነበር ወይ? መልሱ ቀደም ብለን ባልነው ውስጥ ይገኛል፤ ሥልጣኑ ወርዶ ወርዶ ለመንደሩ ተሰጥቶ ነበርና። ሉዶዊሲን ከሰሌዳው ይበልጥ የጎዳት በኋላ ወደ ምሥራቅ ዳርቻ የተሠራው ቁጥር 95 ፈጣን ጎዳና ነው፤ መንገደኛው ወደዚያ ሄደ።

ይኸው ማዶክስ ወደ ሥልጣን ከመምጣቱ በፊት በ1964 ጥቁር አሜሪካውያንን ከምግብ ቤቱ በማባረር ስሙ የተነሣ ሰው ነበር። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ነጭ የሆነው የሰሜን ቱሪስት ገዢው ራሱ ሰሌዳ ሲተክልለት፥ ለጥቁሩ ነጂ ማስጠንቀቂያ የጻፈለት ቪክቶር ግሪን የተባለ የኒውዮርክ ፖስተኛ ነበር። ከ1936 ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የታተመው የግሪን መጽሐፍ ጥቁር መንገደኛ በየከተማው የት ማደር፥ የት መብላትና የት መኪናውን ማሠራት እንደሚችል የሚዘረዝር ነበር። ለእርሱ የቦታ ልዩነት ማለት የማይሎች ቁጥር ወይም የዶላር መጠን አልነበረም፤ ፖሊስ ሲያስቆመው ስለ መቀጮው ከማሰብ በፊት በሰላም ቤቱ ስለ መግባቱ ያስብ ነበር።

ይህ ጉዳይ ከደቡብ ግዛቶች ጋር ብቻ የተያያዘ መስሎ እንዳይታየን የኒው ጀርሲን ነገር እንጨምር። በ1990ዎቹ በኒው ጀርሲ የክፍያ ጎዳና ደቡባዊ ክፍል ላይ አንድ የጥናት ሰው መኪኖችን አስቆጥሮ ለፍርድ ቤት አቀረበ። ጥቁር ሰው የያዙ መኪኖች ከመንገዱ መኪኖች ከመቶ 13 ተኩል ያህል፥ ከፍጥነት ወሰን አላፊዎቹም ከመቶ 15 ያህል ነበሩ፤ በፖሊስ ከቆሙት ግን ከመቶ 35 ያህል ሆኑ። ዳኛው በ1996 ፖሊስ ሰዎችን በቀለማቸው እየለየ ያስቆማል ብሎ ፈረደ። ቁጥሩን በሚገባ ለተመለከተ ሰው፥ ወሰኑን የጣሰው ሕዝብ ብዙ በሆነበት ጎዳና ላይ ማንን እናስቁም የሚለው ምርጫ ለፖሊሱ የቀረ መሆኑ ይታያል። ሕጉ ለሁሉ አንድ ነው፤ ምርጫው ግን የፖሊሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ምዕራብ እንሻገር። በ1973 መጨረሻ የዐረብ አገሮች ነዳጅ ለአሜሪካ አንሸጥም ባሉ ጊዜ ማእከላዊው መንግሥት ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ለመላው አገር አንድ የሰላም ጊዜ ወሰን አበጀ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጥር 1974 መጀመሪያ የፈረሙት ሕግ በሰዓት 55 ማይል የሚል ነበር። ሕጉ ግዛቶችን በቀጥታ አላዘዘም፤ አያዝምም ነበር። ወሰኑን ያልተቀበለ ግዛት የጎዳና መሥሪያ ገንዘብ ይቀርበታል አለ እንጂ። በዚህ ብልሀት ሁሉም ግዛቶች ወሰኑን ተቀበሉ፤ በቃል የተቀበሉትን በሥራ የሚያስጠብቁት ግን እያንዳንዳቸው በየልማዳቸው ሆነ።

የሞንታናን ግዛት ለዚህ ምስክር አድርገን እናቀርባለን። ሞንታና ሰፊና ሰው የሌለባት አገር ስለሆነች ከ1974 በፊት በቀን ብርሃን ቁጥር ያለው የፍጥነት ወሰን አልነበራትም። ዋሽንግተን 55 ስትል ሞንታና እሺ አለች፤ የመቀጮውን መጠን ግን 5 ዶላር አደረገችው። ጥፋቱም አደገኛ አነዳድ መሆኑ ቀርቶ ነዳጅ ማባከን ተባለ፤ በመንጃ ፈቃዱ መዝገብ ላይም አይጻፍም። ገንዘቡ እዚያው በመንገድ ዳር ይከፈል ስለነበር ነጂዎች አምስት አምስት ዶላር አዘጋጅተው ይጓዙ ነበር ይባላል። ሕጉ በወረቀት ላይ ከኒውዮርክ እስከ ሞንታና አንድ ነው፤ በአንዱ ዘንድ ከባድ ክስ፥ በሌላው ዘንድ ከቁርስ ዋጋ የማይበልጥ ነበር። እዚህ ላይ የምንማረው ነገር ቢኖር የቅጣት ልክ ራሱ የእምቢታ ቋንቋ ሊሆን መቻሉን ነው።

በ1995 መጨረሻ የአገር አቀፉ ወሰን ሲሻር ሞንታና ወደ ቀድሞ ልማዷ ተመለሰች። ሌሊት ወሰን አለ፤ ቀን ግን ሕጉ ነጂው ምክንያታዊና ጥንቁቅ በሆነ ፍጥነት ይንዳ የሚል ብቻ ነበር። ይህ ለሰሚው እጅግ ያማረ ሕግ ነው። ሰውን እንደ አዋቂ ይቆጥራልና እኛም በመጀመሪያ ስናነበው ወደድነው። ሆኖም በ1996 አንድ ነጂ በሰዓት 85 ማይል ሲሄድ ተይዞ ተከሰሰ። ፖሊሱ ፍጥነቱ ለዚያ መንገድ የበዛ ነው አለ፤ የሚበቃው ስንት እንደሆነ ግን ቁጥር አልሰጠም። የሞንታና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1998 በ4 ለ3 ድምፅ፥ አንድ ሰው ጥፋት መሥራቱን አስቀድሞ ሊያውቅ የማይችልበት ሕግ ሕግ አይደለም ብሎ ሻረው። ወሰኑን በየመንገዱ የሚወስነው የፖሊሱ ስሜት ከሆነ፥ ልዩነቱ ከግዛት ወደ ግዛት መሆኑ ቀርቶ ከፖሊስ ወደ ፖሊስ ይሆናል። በ1999 ሞንታና ለፈጣን ጎዳናዎቿ የቀን ወሰን 75 ማይል አደረገች፤ በ2015 ወደ 80 ከፍ አድርጋዋለች።

ከቁጥር ወደ ገንዘብ እንመለስ። በሚዙሪ ግዛት ማክስ ክሪክ የምትባል ጥቂት መቶ ነዋሪ ያላት መንደር ነበረች፤ ወደ ሐይቅ መዝናኛ የሚሄደው ሕዝብ በመካከሏ ያልፋል። የመንደሯ መተዳደሪያ በአብዛኛው ከዚህ መንገደኛ የሚሰበሰብ መቀጮ ነበር። የሚዙሪ ሕግ አውጪዎች በ1995፥ የማንኛውም መንደር የመንገድ መቀጮ ከገቢው ከመቶ 45 ካለፈ ትርፉ ለትምህርት ቤቶች ይግባ የሚል ሕግ አወጡ። ማክስ ክሪክ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሠረች። ስሟ ግን በሕጉ ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬ የማክስ ክሪክ ሕግ ይባላል።

ሕጉ የተቀመጠለት ወሰን ራሱ ሰፊ ነበር። ከመቶ 45 ማለት እኮ ግማሽ ያህል ነው! በዚያው ግዛት በሴይንት ሉዊስ ካውንቲ 90 ያህል ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች ተጎራብተው ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም የየራሳቸው ፖሊስና ችሎት ነበራቸው። በዚያ አካባቢ የሚነዳ ሰው በጥቂት ማይል ውስጥ በተለያዩ መንደሮች ሊከሰስ ይችላል። በ2014 በፈርገሰን ከተማ አንድ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ከተገደለ በኋላ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ምርመራ አደረገ፤ በመጋቢት 2015 ባወጣው ጽሑፍ የከተማው ፖሊስና ችሎት ከሕዝቡ ደኅንነት ይልቅ በገቢ ላይ ያተኮሩ መሆናቸውን ገለጠ። ለ2015 የበጀት ዓመት ከታሰበው 13.26 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 3.09 ሚሊዮኑ ከመቀጮና ከችሎት ክፍያ የሚጠበቅ ነበር። 21 ሺህ ያህል ነዋሪ ባላት በዚህች ከተማ በ2014 መጨረሻ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶባቸው ነበር፤ በእርግጥ ሁሉም የከተማዋ ነዋሪዎች አልነበሩም። ከነዋሪው ከመቶ 67 ጥቁሮች ሲሆኑ፥ ከቆሙት ነጂዎች ግን ከመቶ 85 እነርሱ ነበሩ።

ስለ እነዚህ ሰዎች ጥቂት መናገር ይገባናል። አንድ ሰው መቀጮውን በጊዜው መክፈል ሲያቅተው ከችሎት ይቀራል፤ ከችሎት በመቅረቱ ሌላ መቀጮ ይጨመርበታል፥ የመያዣ ትእዛዝም ይወጣበታል፤ ሲታሰር ከሥራው ይባረራል፤ ከሥራው ሲባረር ደግሞ ያን የመጀመሪያውን ዕዳ ፈጽሞ ሊከፍለው አይችልም። ባለጠጋው በአንድ ቀን ከፍሎ የሚረሳው ወረቀት ለድኻው የዓመታት እስራት ይሆንበታል ማለት ነው። በ2015 ሚዙሪ ወሰኑን ወደ ከመቶ 20፥ ለሴይንት ሉዊስ ካውንቲ ለብቻው ወደ 12 ተኩል ዝቅ አደረገች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 አንዱን ካውንቲ ለይቶ የሚነካውን ክፍል ሻረው። የቦታ ልዩነትን ለማጥፋት የወጣ ሕግ ራሱ በቦታ በመለየቱ ወደቀ።

ከዚህ ሁሉ ምሳሌ አንባቢ የመንገድ መቀጮ በአሜሪካ ዝርፊያ ብቻ ነው ብሎ እንዳይደመድም እንፈራለን። በ2009 ማኮውስኪና ስትራትማን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት የማሳቹሴትስን የክስ ወረቀቶች መርምረው አሳትመዋል። ያገኙትም፥ ለተመሳሳይ ጥፋት ከሌላ ከተማ ወይም ከሌላ ግዛት የመጣ ነጂ ከአገሬው ይልቅ መቀጮ የመጻፍ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን፥ ቤቱም ከችሎቱ በራቀ መጠን ዕድሉ እየጨመረ መሄዱን፥ የገንዘብ ችግር ያለባት ከተማ ፖሊስም ይልቁን መቅጣት መውደዱን ነው። እስከዚህ ድረስ የሉዶዊሲን ታሪክ በቁጥር የሚያረጋግጥ ነው። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች በ2011 ባሳተሙት ሁለተኛ ጽሑፍ የክስ ወረቀት ሲበዛ የመኪና አደጋና ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ገንዘብ ፈልጎ የጻፈው ፖሊስ ሳያስበው ነፍስ አድኖ ሊሆን ይችላል። ይህን እውነት መሸሽ አይቻልም፤ በመንገድ ላይ የሚሞተው ሰው ብዛት በታወቀበት በእኛ አገር ደግሞ ይበልጥ አይቻልም። ስለዚህ ክርክሩ መቀጮ ይኑር አይኑር ሳይሆን፥ ከማን ይወሰድ፥ ማን ይፍረድ፥ ገንዘቡስ የት ይግባ የሚል መሆን አለበት።

የካሊፎርኒያ ግዛት ለምሳሌ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፖሊስ የሚያደፍጥበትን አንዳንድ ዘዴ በሕግ ከልክላለች፤ በብዙ መንገዶችም ወሰኑ በመሐንዲሶች ጥናት ያልተደገፈ ከሆነ በራዳር የተገኘ ማስረጃ ዋጋ አይኖረውም። ያው ግዛት ግን በመቀጮው ላይ የሚደራርበው ተጨማሪ ክፍያ ብዙ ስለሆነ፥ በሕጉ 35 ዶላር የተባለው ጥፋት ነጂው ዘንድ ሲደርስ ከ230 ዶላር በላይ ይሆናል። በፔንሲልቬንያ ደግሞ ራዳር የያዘው የግዛቱ ፖሊስ ብቻ ነበር፤ የከተማና የመንደር ፖሊሶች እስከ 2024 ድረስ አልተፈቀደላቸውም። በቴክሳስ ከኦስቲን በስተ ደቡብ በ2012 በተከፈተ አንድ የክፍያ ጎዳና ላይ 85 ማይል መንዳት የተፈቀደ ሲሆን፥ በቨርጂኒያ ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው ጎዳናው ምንም ቢሆን እስከ 12 ወር እስራትና 2500 ዶላር ሊያስቀጣ በሚችል የግዴለሽነት ወንጀል ይከሰሳል። ይህም ከ2020 በፊት 80 ማይል ነበር።

ቨርጂኒያን ካነሣን ወደ ወገኖቻችን አካባቢ ደርሰናል። የዋሽንግተን ታክሲ ነጂ በአንድ ጧት ከቨርጂኒያ ተነሥቶ ዋና ከተማዋን አቋርጦ ማሪላንድ ሊገባ ይችላል፤ ሦስት ሕጎችን ያልፋል ማለት ነው። ቨርጂኒያ በ2007 ከባድ የመንገድ ጥፋት በሠራ ሰው ላይ ከመቀጮው ሌላ እስከ 3000 ዶላር የሚደርስ ክፍያ ጣለች። የሚያስገርመው፥ ክፍያው የሚጠየቀው ከቨርጂኒያ ነዋሪ ብቻ ነበር፤ ከሌላ ግዛት የመጣውን ማስከፈል አይቻለንም ተባለ። የሉዶዊሲ ነገር ተገለበጠ፤ አገሬው ተቀጥቶ እንግዳው ዳነ። ነገር ግን አገሬው ድምፅ ሰጪ ነውና ጩኸቱ ከፍ አለ፤ ሕጉ አንድ ዓመት ሳይሞላው በ2008 ተሽሮ ገንዘቡ ለከፋዮቹ ተመለሰ። የሉዶዊሲ መንገደኛ ለብዙ ዓመት ያላገኘውን የቨርጂኒያ መራጭ በጥቂት ወራት አገኘው።

ግዛቶቹ ይህን ክፍተት ለመድፈን የውል መንገድ ሞክረዋል። በ1960ዎቹ የተጀመረው ውል አንዱ ግዛት የሌላውን ነጂ ጥፋት ወደ አገሩ እንዲያስታውቅ የሚያደርግ ነው፤ በ1977 የተዘጋጀው ሁለተኛው ውል ደግሞ በሌላ ግዛት የተሰጠውን የክስ ወረቀት ችላ ያለ ሰው በአገሩ መንጃ ፈቃዱ እንዲታገድ ያደርጋል። ሁሉም ግዛቶች ግን አልገቡበትም፤ ሚሺጋንና ዊስኮንሲን በሁለቱም ውል ውስጥ አልነበሩም። ለከባድ መኪና ነጂ ግን ከ1986 ጀምሮ የወጣው የማእከላዊ መንግሥት ሕግ ግዛት አይለይም። ከወሰኑ 15 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ ሰው በየትኛውም ግዛት ቢሆን ከባድ ጥፋት ይቆጠርበታል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከባድ ጥፋት የተገኘበት ለ60 ቀን ከሥራ ይታገዳል። ግዛቱ በደሉን ለመሸፈን ወይም ለማቅለል ቢፈልግ እንኳ አይፈቀድለትም። አንድ ዓይነት ሕግ ማውጣት ይቻላል ማለት ነው፤ የተቻለው ግን በመንዳት በሚያድረው ሠራተኛ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ካሜራ ከመጣ ወዲህ ውሎቹም ደከሙ። ዋሽንግተን ከ1999 ጀምሮ በቀይ መብራት፥ ከ2001 ጀምሮ በፍጥነት ላይ ካሜራ ተከለች። ካሜራ የሚከሰው መኪናውን ስለሆነ፥ ስለ ነጂ የተጻፉት ውሎች አይመለከቱትም። ቴክሳስ በ2019 የቀይ መብራት ካሜራን ከልክላለች፤ ማሪላንድ በበኩሏ ለረጅም ጊዜ 40 ዶላር ብቻ ስታስከፍል ቆይታለች፤ በዋሽንግተን ግን ከ100 ዶላር ይጀምራል። ከተማው ውስጥ የሚኖር ሰው ከ100 ዶላር በላይ ዕዳ ካለበት እስከ 2022 ድረስ መንጃ ፈቃዱን ማደስ አይችልም ነበር። የማሪላንድና የቨርጂኒያ ሰሌዳ ያለው መኪና ግን በከተማው ውስጥ ቆሞ ተገኝቶ ጎማው በብረት ካልታሰረ በቀር የሚደርሰው ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ዕዳ ይዞ በየቀኑ የሚመላለስ ሞልቶ ነበር። በ2024 የከተማው ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ዐቃቤ ሕጉ እነዚህን የውጭ ነጂዎች በፍትሐ ብሔር እንዲከስ ሥልጣን ሰጠው። የመጀመሪያዎቹ ክሶች በ2025 መጀመሪያ ላይ ተመሠረቱ፤ የተከሰሱትም የሁለቱ ጎረቤት ግዛቶች ነጂዎች ናቸው።